አንድ ሲዲ ለአንድ ሰፈር

ሆዷ ጥቁር ነበር! የፕሌይስቴሽን ዋን ኦርጅናል ሲዲ ገልብጦ ያየ ሰው ምን እያልኩ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። እኛ ሰፈር ጌም ቤት የነበሩት በሙሉ ኮፒዎች ናቸው፤ ሆዳቸው ብርማ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ላያቸው ላይ የጨዋታው ስም በማርከር የተሞነጨረባቸው። ከዚያ ሌላ ዓይነት ሲዲ መኖሩንም አናውቅም። አንድ ቀን ታዲያ አጎቱ ዱባይ የሚሠራ ልጅ ጥቁሯን ይዞ ከች አለ። ጠርዟን በሁለት መዳፍ ይዘን፣ ጣት እንዳያርፍባት እየተጠነቀቅን፣ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስናሳልፋት የነበረው ደስታ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያስፈነድቀኛል። ሁላችንም ፊታችንን አየንባት። ባለቤቱ እዚያው ቆሞ ተራ አወጣላት፤ ዛሬ እኔ፣ ነገ አንተ፣ ቅዳሜ እሱ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩን አዳረሰችው።

ጌም ቤቱ ማለት በሩ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት አንድ ክፍል ነው። ቴሌቪዥኖቹ ወፋፍራም፣ አግዳሚው ጠባብ፣ ከተቀመጠው ይልቅ የቆመው የሚበዛበት፣ ከሚጫወተው ይልቅ የሚያስተምረው የሚጮኽበት ቤት! ሕጉ አጭር ነው፤ ተሸናፊ ይነሳል፣ ሒሳቡንም እሱ ይዘጋል። አንድ ጎበዝ ጆይስቲኩን ከያዘ ከሰዓቱን ሙሉ በነፃ ይጫወታል፤ ሰልፈኛው ተራ በተራ ገብቶ ተራ በተራ ይነሳለታል። ቴክን 3 የሚባለው የድብድብ ጨዋታ ላይ ኤዲ ጎርዶን የመረጠ ልጅ ደግሞ ምንም ሳያውቅ ቁልፉን በደመ ነፍስ እየደበደበ አንጋፋውን ሲያነሳ ቤቱ በጩኸት ይናጋ ነበር። "ይሄ አይቆጠርም!" "ተነሥ፣ ተነሥ፣ ተሸንፈሃል!"

ማሽኑስ ብትሉ! ብዙ ከመሥራቱ የተነሣ ሲግል ሲዲ አላነብ ይላል። "ጋሼ፣ ቆመ!" ሲባል ባለቤቱ ከቡናው ቀና ሳይል "ገልብጠው" ይላል። እውነትም ማሽኑ ከነሲዲው በጀርባው ሲተኛ ያነባል። የመጀመሪያዎቹ ፕሌይስቴሽኖች የሌዘሩ መሄጃ ፕላስቲክ ስለነበረ በሙቀትና በአገልግሎት ብዛት ከቦታው ይንሸራተታል፤ ሲገለበጥ ክብደቱ ወደ ሌላ ወገን ስለሚያርፍ ይስተካከላል። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ማሽን መገልበጥ የሚያውቅ ሰው ለእኛ ሊቅ ነበር።

ኮፒዎቹን እንዲያነብ የሚያደርገው ቺፕም እንዲሁ ይገርመኛል። ሶኒ በሲዲው መሀል፣ ንባቡ በሚጀምርበት ቦታ፣ ተራ የሲዲ መቅጃ ሊገለብጠው የማይችል ረቂቅ የሆነ የመወዛወዝ ምልክት አስቀምጦ ነበር። ማሽኑ ያንን ካላገኘ "አላውቅህም" ይላል። መርካቶ የሚበየደው ትንሽ ቺፕ ደግሞ ምልክቱን ራሱ እያመነጨ "ታውቀዋለህ እንጂ" ይለዋል። የሕጉ ነገር ሌላ ጥያቄ ነው፤ ለጨዋታው የለፉት ሰዎች ከዚያ ቤት አንዲት ሳንቲም እንዳላገኙ አውቃለሁ፣ ዛሬ የምወደውን ጨዋታ ከፍዬ የምገዛውም ስለዚህ ነው። ግን ያ ቺፕ ባይኖር እነዚያን ጨዋታዎች በዓይናችንም አናያቸውም ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን ሜሞሪ ካርዷ! የክብሪት ቀፎ የምታህል ግራጫ ነገር። ውስጧ 128 ኪሎባይት ብቻ፣ በ15 ክፍልፋይ የተቆራረጠ። ዛሬ በስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶ አይገባባትም፤ ያኔ ግን የአንድ ክረምት ሙሉ ድካም ይገባባት ነበር። ካርድ ያለው ልጅ ኪሱን እየዳበሰ ይሄዳል። ፕሌይስቴሽን ቱ ሲመጣ 8 ሜጋባይት ሆነች፤ ሀብታም ሆንን! ዊኒንግ ኢለቨን በተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ማስተር ሊግ የጀመረ ሁሉ ካስቶሎን፣ ሚናንዳን፣ ግብ ጠባቂውን ኢቫሮቭን ያስታውሳል። በዓለም ላይ የሌሉ፣ የጨዋታው ሠሪ ኮናሚ የፈጠራቸው ተራ ተጫዋቾች። በእነሱ ጀምሮ፣ ነጥብ አጠራቅሞ፣ አድሪያኖን እስኪገዛ ድረስ ያለው ትግል፤ ከዚያም የአድሪያኖ ግራ እግር! ከሩቅ ይለቀዋል፣ መረቡ ይናጣል፣ አግዳሚው ይገለበጣል። ኢቫሮቭን ግን የሸጠ ልጅ አላውቅም። አብሮን የኖረ ሰው አይሸጥም።

ሳን አንድሪያስ የተባለው ጨዋታ ሲመጣ ደግሞ የደብተር ጀርባ በኮድ ተሞላ። ዛሬ ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እወጣዋለሁ፦ አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ ኤክስ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። ጤና ይሞላል፣ ጥይት መከላከያ ይለበሳል፣ 250,000 ዶላር ይገባል። ያንን ወረቀት ማዋስም ወግ ነበረው፤ ሲዲ ለሚያውስህ ልጅ ኮድ ትሰጠዋለህ። ሰፈሩ ሁሉ በብድር የተሳሰረ ነበር። አንዱ ሬዚደንት ኢቭል ወስዶ ድራይቨር ያመጣል፤ ሦስተኛው ከሁለቱም ወስዶ ለአክስቱ ልጅ ኮልፌ ይልካል። የተዋሰ ሲዲ ይቆያል፣ ይጠፋል፣ ተጭሮ ይመጣል። እናቶች መሀል ገብተው ያስታረቁት ጠብ ነበር። የተጫረውንም ኮልጌት ቀብተን ከመሀል ወደ ዳር በጥጥ እናሸዋለን፤ አንዳንዴ ይድናል፣ ሲድን ደግሞ እልልታ ነው!

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። ዛሬም እኮ ጉድ ነው!

እኅቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጠይቃት ስሄድ ልጇ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በታብሌት የመኪና ውድድር ይጫወታል። ማሽን የለ፣ ሲዲ የለ፣ ያወረደው ነገር የለ። "አጎቴ፣ የቱን ልክፈትልህ?" አለና ጣቱን ሲያንሸራትት የጨዋታው ሽፋን ተከታትሎ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። አንዱን ነካ፤ ደቂቃ ሳይሞላ ውስጡ ነን። አልጣመንም፣ ወጣን። ሌላ ነካ፤ ዝናብ የሚዘንብበት ከተማ፣ መሬቱ ላይ መብራቱ የሚያንጸባርቅ። እኔ ሶፋው ላይ መቀመጥ አቅቶኝ ቆምኩ! ማርከር የተሞነጨረበትን ሲዲ ይዘን "ይሄ ምን ይሆን?" እያልን ለምንጨነቀው ለእኛ፣ ያ ምሽት ሕልም ነው።

ስትሪም ይሉታል፤ አሠራሩን ሳውቅ ደስታዬ ባሰ። ጨዋታው የሚሠራው ሩቅ የሆነ ቦታ ባለ፣ ሰርቨር በሚባል ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ልጁ ቁልፍ ሲጫን ትእዛዙ በኢንተርኔት ወደዚያ ይሄዳል፣ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ምስል ሠርቶ በቪዲዮ መልክ ጨምቆ ይልክለታል፤ ይህ ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ታብሌቱ ትእዛዝ ከመላክና ቪዲዮ ከማሳየት ሌላ ሥራ የለውም። ውድ ማሽን መግዛት ለማይችል ቤተሰብ ይህ ትልቅ በር ነው፤ እኔ በሙሉ ልቤ ነው የማጨበጭብለት። ሌላም አለ። ስንት ጊዜ ነው ማስተር ሊጉ ፍጻሜ ላይ፣ ሴቭ ሳናደርግ፣ መብራት ጭልም ያለብን! የዛሬ ልጅ ቤቱ መብራት ቢጠፋ ጨዋታው ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፤ መብራቱ ቶሎ ከተመለሰ ካቆመበት አካባቢ ይቀጥላል። ይህንን ያኔ ለጌም ቤቱ ልጆች ብነግራቸው ተአምር ነው ይሉኝ ነበር።

ያንኑ ነገር አዲስ አበባ ላይ ልሞክር ስል ግን ርቀት ይመጣል። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰርቨሩ እዚያ ቢሆንና ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ትእዛዙ ደርሶ ምስሉ እስኪመለስ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በላይ ያልፋል፤ በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ጨዋታ ሦስት ምስል አመለጠህ ማለት ነው። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ባሕር በር ስለሌለን በጎረቤት አገር በኩል ዞሮ ነው ባሕር የሚገባው። ማሽኖቹ በየመንገዱ የሚያቆዩት ሲጨመርበት ይረዝማል። ታሪክ የሚተረክበት ረጋ ያለ ጨዋታ ይህን ይችለዋል። ፔናልቲ ግን አይችለውም! በረኛው በቀኝ ሲወድቅ አንተ ገና ጣትህን እያነሣህ ነው። ቤትህ ያለው ማሽን ጣትህን የሚሰማው እዚያው ነው፤ መካከላችሁ ያለው የጆይስቲኩ ገመድ ብቻ ነው።

የዳታውን ነገር ደግሞ አንድ ማታ በወረቀት አሰላሁት፣ ስሌቱም በጣም ጣመኝ። ጂፎርስ ናው የሚባለው አገልግሎት መካከለኛ ጥራት ላለው ምስል በሰከንድ 15 ሜጋቢት ፍጥነት ይጠይቃል። ያ በሰዓት እስከ 6.75 ጊጋባይት ይሆናል። የፕሌይስቴሽን ቱ አንድ ሙሉ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ነው። አንድ ሰዓት ስትጫወት አንድ ዲቪዲ ተኩል ያህል በአየር አልፎ ይሄዳል፣ በማግስቱም እንደገና። በሌላ በኩል የዘንድሮ ጨዋታ ገዝተህ ላውርድ ብትል 100 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ያም የ15 ሰዓት ስትሪም ነው። ስለዚህ ሞክረህ ለምትተወው ጨዋታ ስትሪሙ ይረክስልሃል፤ ዓመቱን ሙሉ ለምትጫወተው እግር ኳስ ደግሞ አንዴ አውርዶ መገላገል ነው። ዳታ በጥቅል እየገዛ ለሚኖር ሰው ይህ ስሌት ወር የሚያደርስና የማያደርስ ስሌት ነው።

ይህ የስትሪም ነገር የትናንት እንዳይመስላችሁ። ኦንላይቭ የሚባል አገልግሎት አሜሪካ ውስጥ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ በ2015 ተዘጋ። ሶኒ ጋይካይ የተባለውን ተመሳሳይ ድርጅት በ2012 በ380 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ ጉግል በኖቬምበር 2019 ስታዲያን ይዞ መጣ። ሰው እዚያ ላይ ጨዋታ በሙሉ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ የገዛው ነገር ግን ከጉግል ሰርቨር ሌላ የትም አይገኝም። ስታዲያ ጃንዋሪ 18፣ 2023 ተዘጋ። ጉግል የጨዋታውንም፣ ከራሱ መደብር የተገዛውን ዕቃም ገንዘብ መለሰ፤ ይህ የሚመሰገን ነው። መቆጣጠሪያዎቹም ቆሻሻ ሆነው እንዳይቀሩ በብሉቱዝ ከሌላ ማሽን ጋር እንዲሠሩ ከፈተላቸው። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ሠራተኞቹ ስታዲያ ከመከፈቱ በፊት መሞከሪያ ያደረጉትን አንድ ትንሽ የትል ጨዋታ ለሕዝቡ ለቀቁት! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። መሥሪያ ቤታቸው ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ተጫወቱልን ያሉ ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን ያንን የትል ጨዋታ ዛሬ ማን ይጫወተዋል? ለማንስ ያውሰዋል?

እኔን የሚቆረቁረኝ እዚህ ላይ ነው። እኅቴ ቤት እያለሁ ልጁ ግማሽ ያደረሰው ጨዋታ ወር ሲያልቅ ከዝርዝሩ ወጣ። ክፍያው አልተቋረጠም፣ ልጁም ያጠፋው ነገር የለም፤ ፈቃዱ አበቃ፣ በቃ። ጎረቤቱ ያለው ጓደኛው ያንኑ ጨዋታ ሲመኝ የቆየ ልጅ ነው። "ለምን ቀደም ብለህ አላዋስከውም?" አልኩት። ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። "አጎቴ፣ እንዴት ነው የማውሰው?" እውነቱን ነው። የሚያቀብለው ነገር በእጁ የለም። እኛ ደህና ማሽን አልነበረንም፣ ደህና ቴሌቪዥን አልነበረንም፤ ለሌላው የምናቀብለው ግን ነበረን። ጎረቤታሞቹ ልጆች አንድ አጥር ለይቷቸው፣ እያንዳንዱ በየወሩ ለብቻው ይከፍላል።

ሲዲ መያዝ ብቻውን ያድናል ብዬም አልዋሽም። ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የተባለውን የመኪና ጨዋታ በ2014 ሸጠ፣ ማርች 31፣ 2024 ሰርቨሩን አጠፋ፤ ሲዲውን በእጁ የያዘውም ሰው ሲዲው አልነሣ አለው። ጨዋታው ሲፈጠር ከሰርቨር ጋር ካልተገናኘ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበርና። ጂቲኤ 4 ላይ ደግሞ የዘፈኖቹ ፈቃድ አሥር ዓመቱን ሲሞላ በ2018 ብዙ ዘፈኖች በኢንተርኔት ከሚታደሰው ጨዋታ ወጡ፤ የድሮው ሲዲ ያለውና ያላሳደሰው ሰው ግን መኪናው ውስጥ እነዚያኑ ዘፈኖች እየሰማ ይነዳል። ያኛውን ሳነብ አዝኜ ነበር፣ ይኼኛውን ሳነብ ጮቤ ረገጥኩ።

በአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት እዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በመደበኛ ገበያ አይገኝም። እነዚህ ጠፍተው እንዳይቀሩ ያደረጋቸው ማን ነው? በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ሲዲና ካሴት ያስቀመጠ ሰው ነው! ሰርቨር ላይ ብቻ የሚኖር ጨዋታ እንዲህ ያለ ሣጥን የለውም። ለዚህ ነው የዘ ክሩ መዘጋት ያንገበገባቸው ተጫዋቾች በአውሮፓ ኅብረት ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረው በጁላይ 2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያደረሱት። የሚጠይቁት ቀላል ነው፤ ድጋፉን ስታቆሙ ጨዋታውን መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ተዉልን። ካሊፎርኒያም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አውጥታለች፤ ሻጩ የሚሸጠው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ "ግዛ" ከማለቱ በፊት በግልጽ እንዲናገር ያስገድዳል። እኔ ለሁለቱም ከልቤ እሰየው ብያለሁ። ስትሪም ኪራይ ነው፤ ኪራይነቱን እስከነገሩኝ ድረስ በደስታ እከራያለሁ፣ ሃያ ጨዋታ በአንድ ምሽት እቀምሳለሁ። የወደድኩትን ግን ልግዛው፣ ላስቀምጠው፣ ላውሰው። ጎግ የሚባለው የፖላንዶች መደብር ጨዋታውን ያለ ቁልፍ ይሸጥልሃል፤ መጫኛውን አውርደህ ሃርድ ዲስክህ ላይ ስታስቀምጠው ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ያንተ ነው። በዓመት በዓል ቅናሽ ሲያደርግ እዚያ የማፈሰው ነገር!

ለልጁ ማሽን ግዙ ብዬ እኅቴን ለመንኳት፣ ባሏንም ለመንኩት። ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዙ፤ የልጁ ልደት ሲደርስ በ2018 የወጣውን ስፓይደርማን በሲዲ ላክሁለት። በቪዲዮ ደውሎ ሳጥኑን ሲከፍት አየሁት። ሲዲውን ጠርዙን ይዞ ገለበጠው፣ ወደ መብራቱ አዙሮ አየው፣ "ይሄ ሙሉው ጨዋታ ነው?" አለ። ሙሉው ነው አልኩት። ኢንተርኔት ባይኖርስ? ይሠራል። ለሰው ብሰጠውስ? ይሠራለታል፤ አንተ ጋ ግን እስኪመለስ ድረስ የለም። ትንሽ አሰበና ስልኩን ሶፋው ላይ ጥሎ ወደ ማሽኑ ሮጠ፤ እኔ ጣሪያ እያየሁ የጨዋታውን የኒውዮርክ ከተማ ጩኸት ስሰማ አመሸሁ።

ትናንት እኅቴ ደወለች፣ ድምፅዋ የተቆጣ ነው። ልጇ ጨርሶት ለጎረቤቱ ልጅ አዋሰው፣ ያኛው ደግሞ ሳይጠይቅ ለትምህርት ቤት ጓደኛው አሳለፈው፣ አሁን ሲዲው የት እንዳለ በውል የሚያውቅ የለም፣ ሁለቱም ተኳርፈዋል፣ የጎረቤቱ ልጅ እናት ማታ ለማስታረቅ ልትመጣ ነው። "ይኸው ያንተ ሥራ!" አለችኝ። እኔ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም! "ቡና አፍዪላት፣ ሲዲው ሲመለስ ደግሞ ኮልጌት አዘጋጁ" አልኳት።